የባቲ ቅኝት በሄድፎንና በኤርፎን



በድምፅ ሥራ በተሰማሩ መሐንዲሶች ዘንድ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ጆሮን ከውጭ የሚሸፍነው ሄድፎን ይሻላልን? ወይስ በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚሰካው ኤርፎን? የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ጸጥ ባለ የቀረፃ ክፍል ውስጥ ሲነሣ አንድ መልስ ያገኛል፤ በከሚሴ የገበያ ቀን ሲነሣ ግን ሌላ መልስ ያገኛል። ስለዚህ የዛሬው ንግግር የመሣሪያ ስምና ዋጋ ከመዘርዘር ይልቅ፣ የሚደመጠውን ነገርና የሚደመጥበትን ቦታ መነሻ በማድረግ ሁለቱን ያመዛዝናል።

ለዚህም ምዝና በአማራ ክልል የሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የዞኑ ዋና ከተማ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ከባድ መኪናውና ባጃጁ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስባት ይውላል። በዚሁ ዞን የምትገኘው ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከመሆኗም በላይ፣ ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ቅኝቶች አንዱ በስሟ ይጠራል። የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን አማርኛም በሰፊው ይነገራል፤ የወሎ መንዙማም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በዐረብኛ ይዜማል። እንግዲህ ክራርና ማሲንቆ፣ ድቤና ጭብጨባ፣ እንዲሁም የሁለት ቋንቋ ንግግር በአንድነት የሚገኙበት ሀገር ለማንኛውም ማዳመጫ በቂ ፈተና ነው።

በቅድሚያ የጆሮን ጠባይ መመልከት ይገባል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል ይባላል፤ ይሁን እንጂ ሁሉንም በእኩል አይሰማም። ከጆሮ ቅጠል እስከ ታምቡሩ ያለው ቀዳዳ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ በአንድ ጫፉ እንደተዘጋ ዋሽንት ሆኖ ያስተጋባል። በዚህም የተነሣ በ3,000 ሄርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ታምቡሩ ዘንድ ሲደርስ ከ10 ዴሲቤል በላይ ጎልቶ ይገኛል። አእምሮ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህንን ጉላት ስለለመደው እንደ ትክክለኛ ድምፅ ይቆጥረዋል።

የሁለቱ መሣሪያዎች ልዩነት የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ሄድፎን ድምፁን ከጆሮ ቅጠል ውጭ ስለሚያፈልቀው፣ የቅጠሉ እጥፋትና የቀዳዳው ማስተጋባት በየሰው ተፈጥሮ ልክ ሥራቸውን ይሠራሉ። ኤርፎን ግን የጆሮ ቅጠሉን ዘሎ ያልፋል፤ የቀዳዳውንም አፍ ስለሚዘጋ የማስተጋባቱ ጠባይ ይለወጣል። ስለዚህ የኤርፎን ሠሪ ተፈጥሮ ትሰጠው የነበረውን ጉላት በመሣሪያው ውስጥ አስቀድሞ መጨመር አለበት። የጨመረው አነስ ካለ የማሲንቆው ድምፅ የታፈነ ይሆናል፤ ከበዛም የዘፋኙ ድምፅ ጆሮ ይወጋል።

በአሠራርም ረገድ ልዩነት አለ። አብዛኛው ሄድፎን ከ40 እስከ 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ዲያፍራም፣ በላዩ የተጣበቀ የሽቦ ጥቅልና ማግኔት አለው። በኤርፎን ውስጥ ያለው ዲያፍራም አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ አንዳንዱም ለመስማት ችግር መርጃ መሣሪያ ከተሠራው ጥቃቅን የብረት ምላስ የተወረሰውን ዘዴ ይጠቀማል። ታሪካቸውም እንዲሁ የተለያየ ነው። ናትናኤል ባልድዊን የተባለው አሜሪካዊ የሠራው ሄድፎን እ.ኤ.አ. በ1910 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የቀረበው ለሬዲዮ ቴሌግራፍ አገልግሎት ነበር። የጀርመኑ ዜንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1968 ኤችዲ 414 የተባለውን ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ለገበያ አወጣ። ኤርፎን ግን ለጥራት ፈላጊዎች መቅረብ የጀመረው ዘግይቶ ሲሆን፣ ኤቲሞቲክ የተባለው ድርጅት ኢአር 4ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው።

ሰፊ ዲያፍራም ስላለው ብቻ ሄድፎን በወፍራም ድምፅ ይበልጣል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። በደንብ የተገጠመ ኤርፎን የሚያንቀሳቅሰው በቀዳዳው ውስጥ የታሰረውን እጅግ ጥቂት አየር ብቻ ስለሆነ፣ ትንሿ ዲያፍራም እስከ 20 ሄርዝ ድረስ ልትወርድ ትችላለች። ነገር ግን የሲሊኮኑ ጫፍ ከቀዳዳው ጋር ሳይገጥም ቀርቶ አየር ሾልኮ ከወጣ፣ በመጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ወፍራም ድምፅ ነው። ብዙ ሰዎች መጥፎ ነው ብለው የጣሉት ኤርፎን ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የጫፉ ልክ አለመሆን ነው።

አሁን ወደ ባቲ ቅኝት እንመለስ። የባቲ ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት፤ በተለመደው ዓይነቱ ከመነሻው እስከ ሁለተኛው ድምፅ ያለው ርቀት አራት ግማሽ ድምፅ ያህል ነው። ታዲያ መጥፎ ማዳመጫ ይህንን ርቀት ሊያዛባው ይችላልን? አይችልም። ማዳመጫ የድምፅን ብርታት ይለውጣል እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም። እንዲያውም የማሲንቆው መነሻ ድምፅ 200 ሄርዝ ቢሆንና ማዳመጫው እርሱን ፈጽሞ ባያሰማ፣ አእምሮ በ400፣ በ600፣ በ800 ሄርዝ ከሚመጡት ተከታዮቹ ተነሥቶ የጎደለውን መነሻ ይሞላዋል። አንድ ሰው በርካሽ ስልክ ድምፅ ማጉያ ዜማውን ለይቶ የሚያውቀው ስለዚህ ነው።

የድቤው ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ከበሮ የሚያወጣቸው ድምፆች እንደ ክር ድምፅ በሥርዓት የተደረደሩ ስላልሆኑ፣ ወፍራሙ ክፍል ከጠፋ አእምሮ ሊሞላው አይችልም። ስለዚህ በማይገጥም ኤርፎን መንዙማ የሚሰማ ሰው ዜማውን ሙሉ ለሙሉ ይሰማል፤ ድቤው ግን ጣውላ እንደሚመታ ሆኖ ይቀርበታል። መሪው ሲያወጣና ተቀባዩ ሲመልስ ሁሉን የሚያስተሳስረው ምት ጠፍቶ፣ ጭብጨባው ብቻውን ይቀራል። ከዚህ የምንረዳው የማዳመጫ ጉድለት የሚጎዳው ሁሉን ነገር በእኩል አለመሆኑን ነው።

በንግግርም ላይ እንዲሁ ነው። በአማርኛ «ገና» የሚለው ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለያያል፤ በአፋን ኦሮሞም መሬት ማለት የሆነው ቃልና ለስላሳ ማለት የሆነው ቃል የሚለያዩት በአናባቢ ማጠርና መርዘም ነው። እነዚህ ልዩነቶች የጊዜ ርዝመት ልዩነቶች በመሆናቸው ደካማ መሣሪያም አያጠፋቸውም። ነገር ግን «መጣ» እና «መታ»፣ «ቀበረ» እና «ከበረ» የሚለያዩት በአንዲት ተነባቢ አፈነዳድ ነው፤ የዚህም ፍንዳታ ብርታት በአብዛኛው የሚገኘው በቀጭኑ ድምፅ ክልል ነው። ቀጭኑን ድምፅ ባደበዘዘ ማዳመጫ የሽማግሌዎችን ቃል ከቀረፃ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሰው፣ ከበረ የተባለውን ሰው ቀበረ ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ተናጋሪው በሕይወት ከሌለም ስሕተቱን የሚያርመው አይገኝም።

ጉዳዩ የቅንጦት ጉዳይ አለመሆኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በዕድሜ የገፉ የመንዙማ መሪዎችና ታሪክ ነጋሪዎች ድምፅ የሚቀረፀው አንድ ጊዜ ነው። ቀራጩ በቦታው ሳለ የነፋስ ጩኸት ወይም የማይክሮፎን ብልሽት መኖሩን ካላወቀ፣ ቤቱ ገብቶ ቢያውቀው አይጠቅመውም።

እንግዲህ በየሥራው የትኛው ይመረጥ? በገበያ፣ በመንገድ ዳርና በሠርግ ቤት ለሚቀርፅ ሰው ኤርፎን ይሻላል። በደንብ የገጠመ ኤርፎን የውጭውን ጩኸት 20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። ጀርባው ዝግ የሆነ ሄድፎንም ይረዳል፤ ሆኖም በቆላ ሙቀት ከቆዳ ሽፋኑ ሥር ላብ ስለሚጠራቀም ባለሙያው በየጊዜው ማውለቁ አይቀርም፤ ባወለቀም ጊዜ የሚያመልጠው ነገር ይኖራል። በሌላ በኩል ጸጥ ባለ ክፍል ተቀምጦ ቀረፃውን ለሚያስተካክልና ለሚገለብጥ ሰው ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ተመራጭ ነው። አየር ያገኛል፤ ጆሮን አያፍንም፤ አድማጩ ሲናገር የራሱ ድምፅ በጭንቅላቱ ውስጥ አይጮህበትም፤ ድምፁም ሰፋ ብሎ ይሰማዋል። ሆኖም የኤሌክትሪክ ነገር መታሰብ አለበት። 1 ቮልት ለሚሰጥ ስልክ 32 ኦም ኤርፎን ቢያያዝ 31 ሚሊዋት ያህል ይቀበላል፤ በዚያው ስልክ ላይ 300 ኦም ሄድፎን ቢያያዝ ግን የሚቀበለው 3.3 ሚሊዋት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሄድፎን ማጉያ ያስፈልገዋል።

ስለ ዋጋም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ጀሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት ከ280 የሚበልጡ ማዳመጫዎችን ለክቶ፣ በመሸጫ ዋጋቸውና በድምፅ ሚዛናቸው መካከል ግንኙነት አለማግኘቱን ገልጿል። ውድ ዕቃ የተሻለ ጥንካሬና ምቾት ሊኖረው ይችላል፤ የተሻለ ድምፅ ለመስጠቱ ግን ዋጋው ምስክር አይሆንም። ምስክሩ ፈተና ነው። ፈተናውም ሁለቱን ማዳመጫዎች በእኩል ብርታት ማሰማትን ይጠይቃል፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የተሰማው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይታያልና። ከዚያም ፈታኙ የዕቃውን ስም ሳይጠቅስ አንድ የማሲንቆ፣ አንድ የድቤና አንድ የንግግር ቀረፃ በየተራ ያሰማ፤ አድማጩም የሰማውን ይጻፍ።

በመጨረሻ ከጥራት ሁሉ የሚቀድመው የጆሮ ደኅንነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት መመዘኛ መሠረት፣ ለአዋቂ ሰው የተፈቀደው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀነሳል። በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት፣ በ92 ዴሲቤል 2 ሰዓት ተኩል ብቻ ይቀራል ማለት ነው። የጎዳናው ጩኸት 75 ዴሲቤል ነው ብለን እናስብ። ጀርባው ክፍት በሆነ ሄድፎን የሚያዳምጥ ወጣት ጩኸቱን በ10 ዴሲቤል ለመብለጥ ሲል ወደ 85 ከፍ ያደርጋል፤ የሳምንት ድርሻውም 12 ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ጩኸቱን 20 ዴሲቤል የሚቀንስ ኤርፎን ቢይዝ ግን በ65 ዴሲቤል ያንኑ ይሰማል። ይሁን እንጂ ያው ኤርፎን ያለ ልክ ከተከፈተ ጉዳቱ ከሌላው የማይተናነስ ስለሆነ፣ መሣሪያው ጥቅም የሚሰጠው ለሚቀንስ እጅ ብቻ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም።

ስለዚህ የማኅበሩ አባላት በየሚሠሩበት የሬዲዮ ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና የባህል ቢሮ ምክር ሲጠየቁ፣ «የትኛው ዕቃ ይበልጣል?» ለሚለው ጥያቄ ቸኩለው መልስ ባይሰጡ ይመረጣል። አስቀድመው ምን ሊደመጥ እንደታሰበ፣ የት እንደሚደመጥና ለምን ያህል ሰዓት እንደሚደመጥ ይጠይቁ። ለቀራጩ የሚገጥም ኤርፎን ከልዩ ልዩ ጫፎች ጋር፣ ለገልባጩ ክፍት ሄድፎን ከማጉያ ጋር፣ ለሁለቱም የድምፅ መለኪያ ይታዘዝላቸው። የኤርፎኑ ጫፍ በኩክ እንዳይደፈንም በየጊዜው ይጠረግ። ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ በከሚሴና በባቲ የሚቀረፀው ድምፅ ድቤው ሳይጎድል፣ ቃሉም ሳይለወጥ ለሚመጣው ትውልድ ይደርሳል።