ሩር ስንጥቅ ውስጥ ስትገባ
(በምሩቃን ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ቆላ አገልግሎትህ ተናገር» ሲለኝ እሺ አልኩ። የእኔ ትዝታ ግን ከመድኃኒት ሳይሆን ከጨዋታ ነው የሚጀምረው። በእጄ የያዝኳትን ከኋላ ያላችሁ ላታዩዋት ትችላላችሁ። ሩር ናት። ከላሎ እንጨት የተጠረበች፣ መተማ ላይ ለሦስት ገናዎች የተመታች ሩር። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ከዓመታት በኋላ ለትምህርት ውጭ አገር ሄጄ ሳለ አንድ ቅዳሜ መምህሬ ጎልፍ ሜዳ ወሰዱኝ። ጎልፍ ለእኛ አገር ያን ያህል እንግዳ አይደለም፤ አዲስ አበባ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ አለ። እኔ ግን ዱላውን ነክቼው አላውቅም ነበርና ቦርሳ ተሸክሜ ስከተል ዋልኩ። ሥራ ስፈታ የነጥብ መመዝገቢያውን ካርድ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ «የአካባቢ ሕግ» ይላል። ይህ ቦይ እንዲህ ይቆጠራል፣ ያ አጥር እንዲህ ነው፣ ኳሷ እዚህ ብትወድቅ ያለ ቅጣት አንስተህ ጣል፣ ወዘተ። መምህሬ አስረዱኝ። ጎልፍ የተጻፈ ሕግ ያለው እ.ኤ.አ. ከ1744 ጀምሮ ነው፤ ኤድንብራ አጠገብ ሌዝ በሚባል ቦታ 13 አንቀጽ ብቻ ጽፈው ጀመሩት። ዛሬ ዓለም አቀፉን ሕግ የሚያወጡት የስኮትላንዱና የአሜሪካው ማኅበራት ናቸው። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ሜዳ የራሱ መሬት፣ የራሱ ጣጣ ስላለው የአካባቢ ሕግ እንዲጨምር ይፈቀድለታል። ኡጋንዳ ጂንጃ ላይ ኳስ ጉማሬ በረገጠው ጉድጓድ ውስጥ ከገባች በነጻ ትነሳ ነበር ይባላል።

ዋናው ሕግ ራሱም ቁጥር 16.2 ላይ ስለ አደገኛ እንስሳ ይናገራል። መርዛማ እባብ ወይም የሚናደፍ ንብ ካለበት ቦታ ኳስህን ያለ ቅጣት ታነሳለህ። እሾህ ግን ነጻ አያወጣም። እሾህ ውስጥ የከተተህ የራስህ ምት ነው፤ ቻለው ነው ነገሩ።

ይህን ስሰማ ብቻዬን ሳቅኩ። እኛ መተማ ላይ ይህ ሁሉ ሕግ ነበረን እኮ! ያውም ስለ እሾህ የእኛ የተሻለ ነበር።

በ1992 ዓ.ም. ነው የተመረቅኩት፣ በጤና መኮንንነት። ያኔ ዩኒቨርሲቲ አልተባልንም፤ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ነበርን። ዕጣዬ መተማ ወጣ። ከአዘዞ በአይከል አድርጎ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያኔ ጠጠር ነበር። ደጋው አልቆ የዕጣን ዛፍ ሲጀምር ሹራብህን ታወልቃለህ። ከዚያ በኋላ ሹራብ የሚባል ነገር ትረሳለህ። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት አገር መሆኑን በመጽሐፍ አውቅ ነበር። ሰሊጡን፣ ጥጡንና ማሽላውን፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ ብዛት ግን መጽሐፍ አልነገረኝም።

ገና በደረሰ ጊዜ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ሂላው ተራግፎ አልቋል፤ ማሽላው ነው የቀረው። አገሩ ያልገባ ሠራተኛ፣ ሳሉጎቹም ጭምር፣ በዓሉን እዚያው ይውላል። የጤና ጣቢያው ሰዎችና ሠራተኞቹ ሚና ለይተን ገጠምን። ሜዳችን የታጨደ ማሽላ መሬት ነው፣ ጥቁር ዋልካ። ዋልካ ደግሞ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ይሰነጠቃል። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ ወደ ታች ክንድ ሙሉ የሚወርድ።

ገና ጨዋታው በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ ሩር ስንጥቅ ውስጥ ገባች። እኔ የከተማ ልጅ፣ ተንበርክኬ እጄን ሰደድኩ። የሠራተኞቹ የቡድን አባት ከየት እንደመጡ ሳላውቅ አንገቴን ይዘው ጎተቱኝ። «እጅህን አውጣ! ያ ቤት ባለቤት አለው!» አሉኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ «ዶክተር፣ እርስዎ» ነበር የሚሉኝ፤ ዶክተር እንዳልሆንኩ ብነግራቸውም። ከዚያ ወዲያ ግን አንተ ሆንኩ። እኔም አያ እላቸው ጀመር። ገና ጌታና ሎሌን እኩል ያደርጋል የሚባለው እውነት ነው።

ሕጉን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስንጥቅ የገባች ሩር በገናው እጀታ ትጎረጎራለች እንጂ እጅ አይገባም። እስከ ሦስት ተቆጥሮ ካልወጣች ሌላ ሩር ከስንጥቁ ሁለት እርምጃ ርቃ ትጣላለች፤ ሦስት ሩር ካለቀ ጨዋታው እኩል ነው። ኮንጎ ጫማ እንኳ ያላደረገ ሰው መሐል አይገባም፤ በሰያፍ የተቆረጠ የማሽላ አገዳ እግር ይበሳል። ክምር ውስጥ የገባችውን የሚያወጣት የክምሩ ጠባቂ ብቻ ነው። ገናውን ከጉልበት በላይ የሚያነሳ ይወጣል። ይህችኛዋን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ጤና ጣቢያው የቁስል መስፊያ ክር አልቆበት ነበር። ጨዋታ የሚጀመረው ፀሐይ ስትበርድ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው።

ዋጩ ደግሞ አለ። በሜዳው ዳር ሦስት ትልልቅ የዋጩ ግራሮች ነበሩ። ዋጩ ሥር የገባች ሩር የሞተች ናት፤ ማንም አይከተላትም፣ በነጻ ትነሳለች። እሾሁ ነዋ! የእኛ ከስኮትላንዱ ይሻላል ያልኩት በዚህ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ያን ጊዜ ያላየሁትን ነው። ቀን ላይ ሩራችንን ከዋጩ እናርቃለን። ማታ ሠራተኛው ከድንኳኑ ሙቀት ሸሽቶ ጆንያውን ይዞ የት ይተኛል? እዚያው ዋጩ ሥር፣ እዚያው የተሰነጠቀ ዋልካ ላይ።

በግንቦት አያ ትኩሳት ይዟቸው መጡ። መተማ ላይ ትኩሳት ወባ ነው፤ ፋንሲዳር ሰጠኋቸው። በሰኔ ተመልሰው መጡ፤ ደገምኩ። በሦስተኛው ሲመጡ ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ጠብቋል፣ ሆዳቸው ግን ተነፍቷል። ዳሰስኩት። ጣፊያቸው እምብርታቸው ደርሷል። ያን ጊዜ ነው ስለ ካላ አዛር የተማርኩት ሁሉ እንደ ጎርፍ የመጣብኝ። ፈተና ላይ መልሼዋለሁ እኮ! የአሸዋ ዝንብ ታስተላልፈዋለች፤ ዝንቧ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር አካባቢ ትኖራለች፤ የምትነክሰው በአብዛኛው ከመሸ ነው፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ቆይቶ ይታያል፤ ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ሁሉንም አውቃለሁ። «ትኩሳቱ ስንት ሳምንቱ ነው? የት ነው የምትተኛው?» ብዬ ግን አንድ ጊዜም አልጠየቅኩም። የሚተኙበትን ዛፍ ደግሞ በዓይኔ አየዋለሁ፤ ሩር ሲገባበት «ሞታለች» ብዬ የምጮህበት ዛፍ ነው።

ወደ ጎንደር ላክኋቸው። ከጣፊያቸው በመርፌ በተወሰደው ናሙና ተረጋገጠ። የዚያን ጊዜው ሕክምና 30 ቀን በየቀኑ መርፌ ነበር። በዘጠነኛው ቀን አረፉ። ሁለት ወር ቀድመው ቢደርሱ ይድኑ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እነዚያን ሁለት ወራት ደግሞ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

የተሳሳትኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ በኋላ አየሁ፤ ይህ ግን አላጽናናኝም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ሊቦ ከምከም ላይ፣ በደጋው፣ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላ አዛር ነበር። ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደገቡ ይታመናል። ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል። ከጣት ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ሁለት መድኃኒት ተጣምሮ ሕክምናው ወደ 17 ቀን ወርዷል፤ እዚሁ ጎንደር የሊሽማንያሲስ የምርምርና ሕክምና ማዕከል አለን። ምርመራው ግን ካላዘዝከው አይሠራም። ለማዘዝ ደግሞ መጠየቅ አለብህ።

በተከታዩ ገና ሠራተኞቹ ሕግ ጨመሩ፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እነሱ ናቸው። «ዋጩ ሥር ያረፈ፣ ሩርም ይሁን ሰው፣ ይነሳል።» ሁሉም አልጠበቀውም። ለምነን ያመጣነውን አጎበር የሸጠም ነበር፤ አልፈርድበትም፣ ደመወዙን የከለከለው ሰው ነበረና። ሕጉን ጠብቀው ከዛፉ የራቁትን ግን አይቻለሁ፤ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሳሳቁ እሰማቸው ነበር።

መምህራኖቻችን፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ይህ ቤት የተከፈተው በትኩሳት ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ደንቢያ ላይ ወባ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ በዓመቱ ነው ኮሌጁ የተቋቋመው። ዛሬም ተማሪዎቻችሁን ለቡድን ሥልጠና ወደ ገጠር ትልካላችሁ። ወደ መተማ፣ ቋራና አርማጭሆ የሚወርዱት ኪስ ውስጥ የሚገባ ካርድ ይያዙ። ፊቱ ላይ የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ ይሁን። ጀርባው ላይ የአካባቢው ሕግ ይጻፍ፦ ስንት ሳምንት ሆነህ? ከየት መጣህ? የት ትተኛለህ? ጣፊያውን ዳስሰኸዋል? ከዚህ አይብለጥ። ረጅም ከሆነ ማንም አያነበውም፤ እኔም አላነብም ነበር። የማተሚያውን ወጪ የእኛ የ1992ቶች ቡድን ይችላል፤ ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ ተስማምተናል፣ ያልተስማማውም ይከፍላል።

ይህችን ሩር አያ ናቸው የጠረቧት። ከምሳ በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ሜዳ እጥላታለሁ። ሕጉ ይኸው፦ ገና ከጉልበት በላይ አይነሳም። ዕድሜው ከ60 ያለፈ ምሩቅ ሁለት ጊዜ ይመታል። ሩር መኪና ሥር ከገባች የሚያወጣት ባለመኪናው ነው፤ የዲናችንም መኪና እዚያው እንደቆመች አይቻለሁ።