ከዙፋኑ የተለዩ ኪሩቤል



ኪሩብ ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ክንፍ ያለው የሕፃን ራስ ነው። አበው ያስተማሩን ግን ዙፋን ተሸካሚዎቹን አርባዕቱ እንስሳ ነው፦ ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላህም፣ ገጸ ንስር። በዓላቸው ኅዳር 8 ይከበራል። በዚህች በጅግጅጋ አብረውን የሚኖሩ ሙስሊሞችም ዓርሹን፣ ማለትም የአምላክን ዙፋን፣ የሚሸከሙ መላእክት እንዳሉ ያምናሉ፤ እኛ «መላእክት» የምንለውን ሶማሊው «ማላኢግ» ይለዋል። ጉዳዩ ለማናችሁም ባዕድ አይደለም።

የኪሩብ ሥዕል ለብቻው አይቆምም። ሥላሴ በመሀል ሲሣሉ እንስሳቱ በማዕዘን ይሆናሉ፤ በመቅደሱ በር ግራና ቀኝ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዘው ይጠብቃሉ። አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የመሠረቱት የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያውን የሞላው ባለ ክንፍ ፊት ነው፤ ዓይኖቻቸው ወዲያና ወዲህ ያማትራሉ። አንገቴን ቀና አድርጌ ሳያቸው የተረዳሁት፣ ከሥራቸው የሚጸልይ ሰው ከሌለ ሥዕሉ ጎደሎ መሆኑን ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል፤ ኪሩቤሉም ዛሬ ድረስ ከቦታቸው ናቸው።

ከቦታቸው የተነሡ ግን አሉ። ሠዓሊው ራፋኤል በ1512 እ.ኤ.አ. ገደማ ለጣሊያኑ የፒያቼንሳ ቅዱስ ሲክስቶስ ገዳም መሠዊያ በሣለው ሥዕል ግርጌ ክንፍ ያላቸው ሁለት ሕፃናት ክርናቸውን አስደግፈው ወደ ላይ፣ ወደ እመቤታችን ያያሉ። ሥዕሉ በ1754 እ.ኤ.አ. ለሳክሶኒው ገዢ ተሽጦ ድሬስደን ገባ። ኋላ ሰዎች ሁለቱን ሕፃናት ብቻ ቆርጠው በፖስታ ካርድና በስጦታ ዕቃ ላይ አተሙ። ዛሬ በየሱቁ ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ፤ የሚያዩዋት ግን ከላያቸው የለችም።

የኛ ደግሞ ይበልጥ ያማል። በጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳ የተለጠፉት የጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በ1932 እ.ኤ.አ. ማርሴል ግሪዮል በሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ተነሡ። በቦታቸው የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራው ቅጂ ተተካ። ዋናዎቹ አሁን ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ሙዚየሙ ቀለሙን ከእርጥበትና ከምስጥ ይጠብቃል፤ ይህን አልክድም። ዕጣኑንና ማሕሌቱን ግን ሊሰጠው አይችልም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ጅግጅጋ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት በዚህች ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትም ተገደሉ። ሰውን የሚተካ የለም። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ለጠፋው ሥዕል ግን አሁንም ማድረግ የምንችለው አለ። አዲስ ሠዓሊ ብሩሹን ከመንከሩ በፊት ያረጁ ዲያቆናትንና የቆሎ ተማሪ የነበሩትን ጠይቁ፦ ከበሩ በስተቀኝ ማን ነበር? በሰሜኑ ግድግዳስ? ኪሩቤሉ ወዴት ያዩ ነበር? በየቤቱ የክርስትናና የሠርግ ፎቶግራፍ አለ፤ ከሙሽሮቹ ጀርባ ግድግዳው ይታይ ይሆናል። እነዚያን ሰብስቡ። በጀርባቸውም የሥዕሉን ስም፣ የቆመበትን ማዕዘንና የነገሯችሁን ሰዎች ቃል ጻፉ። በሕይወት ያሉት አባቶች ዕድሜያቸው ገፍቷልና ጥያቄውን በዚሁ ሳምንት ጀምሩት።