ችላ ስለተባለ አንድ ፊልም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናሳስባችሁ አንድ ጉዳይ አለን፤ ይኸውም «ክራምስ»፣ ማለት ፍርፋሪ፣ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም እንድትመለከቱት ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ያዘጋጀው ይህ የ68 ደቂቃ ፊልም በ2007 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ዋነኞቹ ተዋናዮች ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው፤ ከተነሣባቸውም ቦታዎች አንዱ ዳሎል ነው። ይህም ሆኖ ከክበባችን አባሎች መካከል አስቀድሞ ስሙን የሰማ አልነበረም።

ታሪኩ የሚጀምረው ሥልጣኔ ከፈረሰ በኋላ ነው። በሰማይ ተንጠልጥሎ የኖረ የዛገ የጠፈር መርከብ የመነሣት ምልክት ያሳያል። ከሌላ ዓለም መጣሁ ብሎ የሚያምነው ካንዲም ወደ አገሩ ለመመለስ ጉዞ ይወጣል። በዚያ ዘመን የማይክል ጃክሰን ሸክላና የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ውድ ቅርስ ይቈጠራሉ፤ ዕቃ ገማቹም የሌለ ታሪክ በልበ ሙሉነት ያወራላቸዋል።

በዚህ ሳቅን፤ ወዲያው ግን አሰብን። ዕቃው ተርፏል፣ ዕውቀቱ ጠፍቷል። እኛስ ከአያቶቻችን ቤት ካገኘነው ዕቃ ስንቱን ነው ጥቅሙን የምናውቀው? ያልጠየቅነው ሽማግሌ ሲያልፍ፣ ግምት ብቻ ይቀራል።

ፊልሙ ዝግ ያለ ነው፤ ሁሉንም አይገልጥም። ቢሆንም ታግሣችሁ እስከ ፍጻሜው ተመልከቱት፤ ከዚያም ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ አንድ አሮጌ ዕቃ አንሥታችሁ «ይህ ምንድን ነበር?» ብላችሁ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ።