«ገስቶ» ስለምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ጊዜያችሁን የምንወስደው ስለ አንዲት ቃል ነው። እንግሊዞች «ገስቶ» ይሏታል። አብዛኛውን ጊዜ «ታላቅ ደስታ» ተብላ ትፈታለች፤ ፍቹ ሐሰት ባይሆንም ቃሏን አይገልጻትም።

የቃሏ አገር ኢጣልያ ነው። ሥሯ «ጉስቱስ» የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጓሜው ጣዕም ማለት ነው። እኛ ማኪያቶን ከኢጣልያኖች እንደ ተቀበልን ሁሉ እንግሊዞችም ይህችን ቃል በ17ኛው መቶ ዓመት ተዋሷት። «ዲስገስት» የሚሉት የመጸየፍ ቃልም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1816 ዓ.ም. ዊልያም ሃዝሊት የተባለው ደራሲ ስለ እርሷ ብቻ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በእርሱ ዘንድ ገስቶ ማለት ሠዓሊው የሣለውን ነገር ባሕርይ አጕልቶ የሚያሳይበት ኀይል ነው፤ ቲሲያን የሣለው ገላ የሚሰማው ሥጋ ይመስላል፣ የክሎድ ሎሬይን የገጠር ሥዕል ግን ምንም ቢያምር ገስቶ ይጐድለዋል ሲል ፈርዷል። (ለክሎድ ፍርዱ የከበደ ይመስለናል።)

ዛሬ ቃሏ የምትነገረው ከድርጊት ጋር ነው። ሰው በገስቶ ይበላል፣ ይዘፍናል፣ ያጨበጭባል፤ በገስቶ ተኛ ግን አይባልም። በልቡ ብቻ የተደሰተም ሰው ገስቶ አለው አይባልም፤ ነገሩ ከውጭ መታየት አለበት። ደግነትንም አትጠይቅም፤ ሐሜተኛ ሐሜቱን በገስቶ ሊያወራ ይችላል።

እንግዲህ አንድ ተርጓሚ «ሽማግሌው ምሳውን በታላቅ ደስታ በላ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው «ምን የምሥራች ሰምቶ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እናቶቻችን ግን እንዲህ ያለውን ሰው ሲያዩ «አበላሉ ያስጐመጃል» ይላሉ። የተመልካቹ ምራቅ ሳይቀር ሁሉም በዚያ ውስጥ አለ። «እያጣጣመ በላ» የሚለውም ሥሩ ከጣዕም ነው፤ ነገር ግን ማጣጣም ዝግ ያለ ነው፣ ገስቶ ግን ጉልበት አላት። ለሐሜተኛው «ሐሜቱ እየጣፈጠው አወራ»፣ ለዘፋኞቹ «ዜማው እየጣማቸው ዘፈኑ» ማለት ይበቃል።

አማርኛ ይህን ነገር የሚናገረው ከሁሉ ይልቅ በግሥ ነው። ስም በስም ካልተተካ ብሎ የሚደክም ሰው ቋንቋችን ደኻ ነው ወደ ማለት ይደርሳል። ከጧት እስከ ማታ በእንግሊዝኛ ለሚማር ሰው አደጋው ይህ ነው፤ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ስላላገኘው ብቻ እንደሌለ ይቈጥረዋል፤ ከዚያም በአገሩ ማንም የማይናገረውን አማርኛ ይጽፋል።

እስካሁን ያከራከረን «በገስቶ ሠራ» የሚለው ነው። «በወኔ» ያሉ አሉ፤ ወኔ ግን የሚጋፈጠው ነገር ይፈልጋል። «ሥራው እየጣመው» ወደሚለው እናደላለን። ከገጠር የመጣችሁ ግን በደቦ ላይ ሲባል የሰማችሁት የተሻለ አነጋገር ሳይኖራችሁ አይቀርም፤ አሁኑኑ ብትነግሩን በደስታ እንጽፈዋለን።