ስለ ልብ ጤንነትና ስለ ጠያቂ ማጣት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግር «መልካም ኑሮ ምንድር ነው?» የሚል እንደ ሆነ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ርእሱ እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ የፈላስፎችን ለፈላስፎች ትተን፥ እኛ በደንብ ስለምናውቀው ስለ አንድ መኝታ ክፍል እንናገራለን።

በዚያ ክፍል ስድስት ሆነን እንኖር ነበር። ከስድስታችን አንዱ የአዴት ልጅ ነው፤ በሒሳብ ሁላችንንም ይበልጠናል። ይህ ልጅ ከጥር ወር ጀምሮ ከትምህርት ቀረ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ምግብ ብናመጣለት «ቆይቼ እበላለሁ» ይላል። አንዳንዶቻችን ሰነፍ አልነው፥ አንዳንዶቻችን ኩሩ አልነው። አንዱማ «ፍቅር ይዞት ይሆናል» ብሎ ቢቀልድ ሁላችንም ሳቅን። በመጋቢት አንድ ቀን ከፈተና ስንመለስ አልጋው ባዶ ሆኖ፥ ሻንጣውም ተነሥቶ አገኘነው።

በነሐሴ ሦስታችን ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ አዴት ድረስ ሄደን ጠየቅነው። ያገኘነው ከጎረቤቶቹ ጋር ወንፈል ገብቶ ጤፍ ሲያርም ነው። ከስቷል፤ ቢሆንም ስቆ ሳመን። ወንፈልን ለከተማ ልጆች መግለጽ ያስፈልግ ይሆናል፤ ይኸውም ዛሬ እኛ የእናንተን ማሳ ብናርም ነገ እናንተ የእኛን ታርማላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የቀረ እንደ ሆነ መቅረቱ በዚያው ጧት ይታወቃል፤ «ምን አገኘው?» ተብሎ ልጅ ይላካል።

ለምሳ ስንቀመጥ አንድ ሽማግሌ፥ «ልጆቼ፥ በዚያ ቤት ስንት ሆናችሁ ታድራላችሁ?» አሉን።

«ስድስት» አልን።

«ስድስት ሆናችሁ፥ ሰው ሁለት ወር ሲተኛ እግዜር ይማርህ ያለው የለም?»

መልስ አልነበረንም።

ገጠር ያድናል፥ ከተማ ያሳምማል ማለታችን አይደለም። ባላገርም የተኛውን ሰው ሰነፍ ይላል፤ ወንፈልም አቅም ለሌለው ከባድ ዕዳ ነው። ጓደኛችንም የተሻለው በአረም አይደለም። መጀመሪያ ጠበል ወሰዱት፥ ኋላም ሐኪም አይቶት ድባቴ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠው። ጠበሉን አንነቅፍም፤ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጥ ለመንነው፤ እናቱም እንዲሁ ይሉታል። ድባቴ እንደ ወባ ሁሉ የሚታከም በሽታ ነውና «በርታ!» ብሎ ትከሻ መምታት ብቻውን አይበቃውም።

በ1940 ዓ.ም. የጸናው የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ፥ ጤና ማለት ከበሽታ መዳን ብቻ ሳይሆን የአካል፥ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደኅንነት ነው ይላል። ሦስተኛውን እኛ ዘለነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ዲግሪ ሳይቀበሉ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሪዎች ሆኑ። ሁሉም ወደው የሄዱ አልነበሩም። ይሁን እንጂ ሰኞ ጧት ልጆች የሚጠብቁት ወጣት ማንም ሳያውቅ ሊጠፋ አይችልም። እኛ ግን እዚህ በብዙ ሺህ ሰው መካከል ለሁለት ወር ልንጠፋ እንችላለን፤ አይተነዋል።

መምህሮቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። የስም መጥሪያው መዝገብ የተማሪውን መቅረት ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። ውጤቱ ከመበላሸቱ በፊት ለክፍል አለቃው «ይህን ልጅ እዩት» ቢባል ብዙ ነው። እኛም ሁለት ቀን የቀረውን አልጋው ድረስ ሄደን እንጠይቅ፤ ስብከቱን ትተን አጠገቡ እንቀመጥ፤ ሐኪም ዘንድም አብረነው እንሂድ።

ጓደኛችን ለመመለስ አመልክቷል። አልጋው ለሌላ እንዳይሰጥብን ለመኝታ ቤቱ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፈን አምስታችንም ፈርመናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።