ጠመንጃና ዕፅ በአንድ ቤት ሲገኙ



አንድ ሰው አደንዛዥ ዕፅ ሲያዘዋውር ተይዞ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ቢቀርብ፣ ቤቱም ሲፈተሽ ሽጉጥ ተገኝቶ ቢሆን፣ ስለ ሽጉጡ ቅጣቱ ይከብድበታልን? ጥያቄው የሕግ አዋቂዎች ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን መልሱ የሚቆጠረው በሰው ዕድሜ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ያለ ፈቃድ ዕፅ የሚያዘዋውረውን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና ከ100,000 ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል። መሣሪያን የሚያነሣው ግን ጠቅላላ የቅጣት ማክበጃዎችን የዘረዘረው አንቀጽ 84 ነው፤ ይኸውም ወንጀለኛው በመሣሪያ ተጠቅሞ እንደሆነ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ነበር።

እንግዲህ መጠቀምና መያዝ አንድ አይደሉም። በአገራችን ገጠር ጠመንጃ ከአባት የሚወረስ ንብረት፣ የክብርም ምልክት ሆኖ ኖሯል። በግድግዳ የተሰቀለ የአባት ጠመንጃ ስለ ዕፁ ንግድ ምንም ላይናገር ይችላል፤ ዕፁን ለገዢ የሚያስረክበው ሰው በወገቡ የሻጠው ሽጉጥ ግን ብዙ ይናገራል።

አሜሪካኖች በዚሁ ጉዳይ ብዙ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የፌዴራል ቅጣት መመሪያቸው ዕፅ አዘዋዋሪው መሣሪያ መያዙ ብቻ የቅጣቱን እርከን በሁለት እንዲያሳድግ አዘዘ፤ መሣሪያው ከወንጀሉ ጋር መያያዙ ፈጽሞ የማይመስል ካልሆነ በቀር። በሌላ በኩል፣ በመሣሪያ መጠቀምን ለብቻው በሚቀጣው ሕጋቸው መሠረት፣ በተቆለፈ የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ስለተገኘ ሽጉጥ ክርክር ተነሥቶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1995 መጠቀም ማለት በሥራ ማዋል ነው ሲል ወሰነ። ምክር ቤቱ ደግሞ በ1998 ወንጀሉን ለማራመድ መያዝንም በሕጉ ጨመረ። ቃሉ ጠባብ ነው ብሎ ያመነ አገር ሕጉን በግልጽ አሻሻለ እንጂ ትርጓሜውን በዝምታ አልለጠጠም።

በእኛም ዘንድ ሌላ መንገድ አለ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ራሱን ችሎ ያስቀጣል። ታዲያ ያው ሽጉጥ አንድ ጊዜ ራሱን የቻለ ክስ፣ ሁለተኛም የዕፁ ቅጣት ማክበጃ ሊሆን ይገባዋልን? አንቀጽ 84 በልዩ ድንጋጌ አስቀድሞ የታሰበ ማክበጃ ዳግመኛ እንዳይቆጠር ይከለክላል፤ የዚህ ክልከላ መንፈስ ለሁለት ክሶችም ቢሠራ ተገቢ ይመስላል። መሐንዲስ አንዱን ጭነት ሁለት ጊዜ ቢደምር ምሰሶው ያለ አግባብ ይወፍራል፤ የሚባክነው ግን ሲሚንቶና ብረት ነው።

ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ማክበጃውን ሲጠይቅ ሽጉጡ የት እንደነበረ፣ ጥይት ጎርሶ እንደነበር፣ በርክክቡም ጊዜ ማን እንደታጠቀው ማስረዳት ይጠበቅበታል።