ከሞት ለተመለሰ ሰው፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው



ሄሮይን ወይም ፌንታኒል ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሹ የተቋረጠን ሰው፣ ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት በደቂቃዎች ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። ኃይሉ ግን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ታማሚው ላብ እያጠመቀው፣ እየተንቀጠቀጠ፣ በኀፍረት አንገቱን ደፍቶ ከድንገተኛ ክፍል ለመውጣት ይቸኩላል። በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ በተደረገ ጥናት፣ እንዲህ ታክመው ከወጡ 100 ሰዎች 5 ያህሉ በዓመቱ ውስጥ ሞተዋል።

በሮድ አይላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው አንከርኢዲ የተሰኘ ፕሮግራም ታማሚው ከሞት የተመለሰባትን ይህችን ሰዓት ለመጠቀም ታስቦ የተቋቋመ ነው። ሆስፒታሉ ሲደውል፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ከሱስ ያገገመና የሠለጠነ ሰው ይመጣል። ከታማሚው አልጋ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ አይፈርድም፣ አይገሥጽም። ያለፈበትን ያጫውተዋል፤ የናሎክሶን አጠቃቀም ያሳየዋል፤ ከሕክምና ያገናኘዋል፤ ከቀናት በኋላም ደውሎ ይጠይቀዋል።

ከአብሮነቱ ጎን መድኃኒትም ትልቅ ድርሻ አለው። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ቡፕረኖርፊን የተባለው የሱስ ማከሚያ መድኃኒት እዚያው ድንገተኛ ክፍል ከተጀመረላቸው ታማሚዎች 78 በመቶው ከ30 ቀን በኋላም ሕክምና ላይ ነበሩ። ወደ ሌላ ቦታ እንዲሄዱ ብቻ ከተነገራቸው ግን 37 በመቶው ነበሩ።

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ናሎክሶን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ቤታችሁ አስቀምጡት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና፣ ስለ ሱስም ከልጆቻችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ።